እትዬ ውዴ ድንኳን ውስጥ የገባው እጩ

ውድ ቅዱስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀምር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስብ።

ፎቶህ ከላምበረት እስከ ካራ ያለውን የመብራት እንጨት ሁሉ ይዞታል። ከሥሩ የአንድ ዘፋኝ የአልበም ማስታወቂያ ስለተለጠፈ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ «ኮንሰርቱ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምርጫ ነው» አልኳት። «እሺ፣ መግቢያው ስንት ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ማተሚያ ቤቱ አንድ፣ ፈገግታው አንድ፣ ሞንታርቦ የጫነው አይሱዙም አንድ። እኛ አገር አንድ ሰው ካሳቀን ቀጥሎ የሚመጣልን ሐሳብ «ለምን አያስተዳድረንም?» የሚል ነው። ጥርስ ልናስነቅል ስንሄድ ግን የሚያስቅ ሰው አንፈልግም።

የመወዳደሪያ ምልክትህ ማይክሮፎን ነው። መፈክርህ «እንደማመጥ»። ሁለቱንም የወሰድከው ከአባቴ ነው።

ቀልድ ሳትጀምር፣ ኮተቤ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይተህ ስትኖር፣ አባቴ አቶ ዋቅቶላ የእድራችን ሊቀመንበር ነበር። አንተንም አባል ያደረገህ እሱ ነው። በእኛ እድር ደንብ የሟች የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሰው እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ስለሆነ የሟቾቹንም የማርመው እኔ ነበርኩ። አባዬ ወረቀቱን ይዞ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ባህር ዛፍ ይወጣና ብቻውን እየተራመደ ይለማመደዋል። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ይቆማል፣ ማይኩን በጣቱ ሁለቴ ይመታል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ወገኖቼ፣ እንደማመጥ» ይላል። ሰው ያዳምጣል። ልብስ አጣቢም ትሙት ኮሎኔል፣ እኩል ነበር የሚነበብላቸው።

አንተ ከኋላ ተቀምጠህ ዓይንህን ሳትነቅል ስታየው፣ የምታዝን መስሎኝ ነበር። ለካ እየተለማመድክ ነው።

«ጋሽ እንደማመጥ» የሚባለው ገፀ ባሕርይህ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ፣ ሳሉም፣ ጣቱም፣ የኮቱ ኪስ ላይ የሚያደርጋት መሐረብም ሳትቀር አብራ መጣች። አባዬ መጀመሪያ ሳቀ። «ልጁ ተሰጥኦ አለው» አለ። ከዚያ የአቶ ገላው ቀብር ሆነ። አባዬ ተነሳ፣ ማይኩን መታ፣ ገና «ወገኖቼ» ከማለቱ ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። የሟች ልጆች እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባዬ ወረቀቱን አጠፈና ለምክትሉ ሰጥቶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። የታክሲ ረዳቱ ሁሉ «ጋሼ፣ እንደማመጥ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲለው ደግሞ ታክሲ መሳፈርም ተወ።

ያኔ ደወልኩልህ። «ክብርዬ፣ ኮሜዲ እኮ ነው። ሕዝብ ነው የወደደው» አልከኝ። ፖስተሩ አሁን ይለጠፍ እንጂ እጩ የሆንከው ያን ቀን ነው።

እትዬ ውዴን አትረሳትም ልል ነበር። ጎረቤታችን፣ ሥራ ባጣህ ጊዜ ምሳህን በአጥር በኩል የምታቀብልህ። ታማ ስትተኛ ልጇ ርሆቦት ደጋግማ ደወለችልህ። ስልክህን የሚያነሳው ሰው «ፕሮግራም ላይ ነው» አላት። እትዬ ውዴ ሞቷ ሲቃረብ አባዬን አስጠርታ «የኔን ታሪክ አንተ ካላነበብከው ሳይነበብ ይቅር» አለችው።

«ውዴ፣ ይስቃሉ እኮ» አላት።

«ይሳቁ። እኔ አልሰማቸው።»

በቀብሯ ቀን ጽሑፉን አርሜ ሰጠሁት፣ ኪሱ ከተተው። ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ከሞላ በኋላ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አልችልም፣ ክብረት» አለኝ። «በሳቅ አልሸኛትም።» ምክትሉ ቃሏን ስለሰማ ወረቀቱን ለመቀበል አልደፈረም። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እትዬ ውዴ ሳይነበብላት ልትቀር ነው።

በዚህ መሐል ስልኬ ጠራ፤ የቅስቀሳ አስተባባሪህ ሙዘይን ነበር። እሱን አልወቅሰውም፣ ለሰፈሩ እንግዳ ነው። ቁጥሬን የሰጠኸው አንተ ነህ፣ «የኮተቤን ሰው ታውቃለች» ብለህ።

«እህት ክብረት፣ እዛ አካባቢ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ይኖር ይሆን? ካራ ላይ የጠራነው ሰው አልመጣም። እየዞርን ነው።»

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለርሆቦት ነገርኳት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ይምጣ» አለች። «ስትታመም አልመጣም። አሁን ይምጣ።»

«ድንኳን አለ» አልኩት ሙዘይንን። «ከዋናው መንገድ ገባ እንዳላችሁ። ሰው ከመሙላቱ የተነሳ ወንበር አልበቃም።»

«ሙዱ እንዴት ነው?»

«ሁሉም ተቀምጧል። የሚነሳ የለም።»

«ማሻአላህ። ማይክስ?»

«ማይክ አለ፤ የሚናገርበት ነው የጠፋው።»

አንድም ቃል አልዋሸሁም። ስብሰባው የምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እሱ አልጠየቀም፣ አንተም አላስጠየቅከውም። ለሠርግም ለለቅሶም ለቅስቀሳም የሚጣለው ድንኳን አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ስንቱን ተክለህ የነቀልክ የእድር ልጅ ረስተኸዋል።

አይሱዙው ከነዘፈኑ መጣ። ሸራው በከበሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተ ጥቁር መነጽርህን እንዳደረግክ ከኋላ ገብተህ፣ ጀርባችንን ብቻ እያየህ፣ እጅህን እያወዛወዝክ በመሐል አለፍክ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክ አነሳህ፣ ወደ እኛ ዞርክ፣ ሁለቴ መታህ፣ ሳልክ፣ በአባቴ ድምፅ «ወገኖቼ፣ እንደማመጥ» አልክ።

ማንም አልሳቀም።

«ምነው፣ ተኮራረፍን እንዴ?» አልክ፣ አሁንም በእሱ ድምፅ።

ፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ለቅሶ ነው፣ ልጄ» አሉህ። «የውዴ።»

መነጽርህን አውልቀህ ከጀርባህ ያለውን ፎቶዋን አየህ። ውጭ ዘፈኑ ስምህን እየደጋገመ ይጠራል። ሙዘይን ሊያስጠፋው ሲሮጥ የድንኳኑ ገመድ ጠልፎ ጣለው።

ያን ጊዜ አባዬ ተነሳ። ወደ አንተ ሄደ፣ እጁን ዘረጋ። ማይኩን ሰጠኸው። «ወንበር ስጡት» አለ፣ «ከፊት።» ተቀመጥክ። አባዬ ማይኩን ሁለቴ መታ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ወገኖቼ፣ እንደማመጥ» አለ። ሰው ሁሉ አንዴ አንተን አንዴ እሱን እያየ ዝም አለ። የቱ ዋናው፣ የቱ ቅጂው እንደሆነ ጎን ለጎን ሆናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ታያችሁ።

አነበበ። ትውልዷን፣ ትዳሯን፣ ጉሊት ውላ ልጇን ማስተማሯን። ጽሑፉን ያረምኩት እኔ ስለሆንኩ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ወደ መጨረሻው ግን ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

«ወይዘሮ ውዴ አንዲት ልጅ ወልዳለች። ያልወለደችውን አንድ ወጣት ደግሞ ሥራ ባጣ ጊዜ ምሳ እያበላች አኑራለች። ወጣቱ ታማ ሳለች አልተመቸውም። ዛሬ መጥቷል፣ ፊት ተቀምጧል። እግዚአብሔር ይስጠው።»

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ከኋላ በስልክ የቀረጹት ሰዎች ቪዲዮውን ሲለቁት ከትርዒቶችህ ሁሉ በላይ ታየልህ። ሙዘይን ደውሎ «በአላህ፣ አስጠፉልን» ሲለኝ «ሕዝብ ነው የወደደው» አልኩት። ይቅርታ ልትጠይቅ ካሜራ አስከትለህ ልትመጣ እንደምታስብም ሰምቻለሁ። አትምጣ። ልታሸንፍ ትችላለህ፤ የሚወድህ ሰው ስልኩን በነካበት አውራ ጣት ድምፅ ይሰጥሃል። እኔና አባዬም ካርዳችንን አውጥተናል፤ ማንን እንደማንመርጥ ለመወሰን አልተቸገርንም።

አባዬ ወደ ሊቀመንበርነቱ ተመልሷል። ባለፈው ስብሰባ አንተ ከአባልነት ትሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አባዬ እምቢ አለ። «አባላችን ነው» አለ፣ «ቀኑ ሲደርስ ይነበብለታል።»

አባዬ ግን አርጅቷል፣ አንተ ገና ወጣት ነህ። ስለዚህ ያንተን ጽፌ የማነበው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዕድሜ ይስጥህ፤ አልቸኩልም። የመጀመሪያው ገጽ አልቋል፣ እስካሁን የሚታረም አላገኘሁበትም።

ክብረት ዋቅቶላ
ኮተቤ