ጥፋቱ የዳንቴሉ አልነበረም

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 7 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለዓባይነሽ፣ ፈረስ ቤት

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እናትሽን የእግራቸው ሕመም እንዴት አደረጋቸው? አባትሽስ ደኅና ናቸው? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አራቱንም ጊዜ ታንጉት አንስታ «እህቴ የለችም» አለችኝ። ከኋላዋ ሳልሽን እየሰማሁ «እሺ» ብዬ ዘጋሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ለእህል ወደዚያ ለሚወጣው ለካሴ እሰጠዋለሁ። እባክሽ ሳታነቢው አትቅደጂው።

ከሄድሽ አምስት ሳምንት ሆነ። የተጣላንበትን ነገር ሳላጣራ እንዲያው ለወጉ «ይቅር በይኝ» ማለት አልፈለግሁም፤ ግትርነቴን ታውቂዋለሽ። አሁን አጣርቻለሁ። ጥፋቱ የዳንቴሉ አልነበረም።

ለባሕር ዳሩ የሥራ ፈተና ጓዳ ውስጥ ስለማመድ፣ ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች የቤት ሰዎች፣ ሦስተኛው የውጭው ዓለም ነው እልሽ ነበር። መሐል ያለው ራውተር የሁለቱን አድራሻ በራሱ አድራሻ ቀይሮ ወደ ውጭ ያወጣል፤ መልሱ ሲመጣ ደግሞ ለጠየቀው ይመልሳል። ይህን ሳስረዳሽ «ታዲያ የእኛ አገር ደብዳቤ ነዋ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሳጥን ይጻጻፋል፣ ሲመጣ ጸሐፊዋ ለየባለቤቱ ታድላለች» አልሽኝ። ሳቅሁብሽ። መጽሐፉ በሃያ ገጽ ያላስረዳኝን ነበር የነገርሽኝ።

ወደ ውጭ በሚወጣው ገመድ ላይ ቀይ ክር ያሰርሽልኝም አንቺ ነሽ። ይርሳው አብሮኝ ሊያጠና ሲመጣ አፍሬ ፈታሁት፤ ባለሙያ ቤት ክር አይታሰርም ብዬ። ከዚያ የራውተሩን ትእዛዝ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ጥያቄው ይወጣል፣ መልስ ግን አይመለስም። ራውተሩን ስዳስሰው ትኩስ ነው፤ በሙቀት የተበላሸ መሰለኝ። ከላዩ የእናትሽ ዳንቴል። ቴሌቪዥኑንና ቴፑን እንዳለበስሽው እሱንም አልብሰሽዋል። ያኔ ነው ዳንቴሉን ወርውሬ ይርሳው ፊት «ባላገር» ያልኩሽ። አንቺ ዳንቴሉን አጥፈሽ ይዘሽ ሄድሽ።

ዳንቴሉ ከሄደ በኋላም መልስ አልመጣም። ራውተሩ ቀዘቀዘ፣ እኔ ጋልኩ። ማክሰኞ ዕለት ትእዛዙን መስመር በመስመር ሳነብ አገኘሁት፤ ራውተሩ ላይ የቤቱን በር «ውጭ»፣ የውጭውን በር «ውስጥ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ክሩ ቢኖር አልሳሳትም ነበር። ሁለቱን መስመር አቀያየርኳቸው፤ መልሱ ወዲያው መጣ። ከደስታዬ ብዛት ዞር ብዬ «ዓባይ፣ ነይ እዪው» አልኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ራትም አልበላሁ።

ጎረቤቶቻችን አያ አስናቀውና አያ ቢሆነኝ ሊያስታርቁን ሰው ልከው ነበር። አባትሽም «ለኅዳር ሚካኤል ይምጡ፤ ከዚያ ወዲያ አጨዳ ነው፣ ሰው አልቀበልም» ብለዋል። እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም። እምቢ ትያለሽ ብዬ እፈራለሁ። ለሽማግሌ ስትይ እሺ ብለሽ ልብሽ እዚያው ቀርቶ ትመጫለሽ ብዬም እፈራለሁ። አያ አስናቀው ባል ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ነውር ነው ይላሉ። እኔ ግን እመጣለሁ ብያለሁ። ሽማግሌ መቼም «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» ብሎ ማካፈል ይወዳል። ይኼ የሚካፈል አይደለም። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፤ ሰው ፊት «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» እላለሁ።

ትናንት ደግሞ ከባሕር ዳር ጥሪ መጣ። የተግባር ፈተናው ኅዳር 12 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚካኤል ዕለት። ይርሳው «ሽማግሎቹ ብቻቸውን ይሂዱ፤ አንተ አራት ወር የለፋህበትን ተፈተን» እያለ ሲለምነኝ ዋለ። ማስታወሻዬን ሰጥቼ ብቻህን ሂድ ብዬዋለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት። እንድታዝኝልኝ ብዬ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ሰምተሽ «በእኔ የተነሣ ቀረበት» ብለሽ እንዳትጨነቂ ነው። አልቆጨኝም ብል እዋሻለሁ፤ በጣም ቆጭቶኛል። ግን ባልፍስ ለማን ነው የምነግረው?

የምንገናኝበት ቀን ባለቤት ሚካኤል ቤታችሁን በክንፉ ይጋርድልኝ፤ ለእናትሽም ምሕረት ያውርድላቸው።

ያንቺው ደረሰ