የፋንቱ ጋቢ

ጥር 10
ቀኑን ሙሉ የጋምቤላ ሙቀት። ሸሚዜን ከምስማሩ ላይ ሳወርድ ጎረቤቴ ኦጁሉ በር ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። "ጋሽ ደሞዝ፣ ሳጥን እያለህ ልብስህን እንደ ሥጋ ትሰቅላለህ?"
ሳጥኑ ውስጥ ያለው የባለቤቴ የፋንቱ ጋቢ ብቻ ነው። ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። ሌላው ልብሷ ለነዳያን ተሰጥቷል። ይሄን ግን... ዘርግቼው እንኳ አላውቅም።

ጥር 12
የፋንቱ እህት የሺአረግ ደወለች። ከጎሬ ማዶ፣ እነሱ ከተወለዱበት መንደር በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ማርያም አለች። "ጋቢውን ለሷ እንስጥ ተባብለን አልነበር? ለነፍሷ እኮ ነው። ምን ትጠብቃለህ?"
ምን እጠብቃለሁ? እኔስ መቼ አወቅኩት።

ጥር 13
ዳዊት ደገምኩ። አፌ አነበበ፣ ልቤ የለም። ሳጥኑን ከፍቼ ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ።
ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ጥር 14
ኦጁሉ አብሬህ ካልሄድኩ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ይውላል፤ ራሱ አንድም ቀን አልተሳፈረም፣ ተራራም ወጥቶ አያውቅ። "እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ለሞተ ሰው አልጸልይም። ውሃ ግን እሸከምልሃለሁ።"

ጥር 17
የሺአረግ ቤት አድረን በጠዋት ተነሳን። ኦጁሉ እጅጌ በሌለው ካናቴራ፣ በሰንደል ጫማ፣ ትልቅ ጀሪካን ተሸክሞ። የሺአረግ ስትሸኘን አይታው "ወንድሜ፣ ምንጭ በሞላበት አገር ውሃ ይዘህ መጣህ?"
"የሰፈራችንን የኒውላንድን ቧንቧ ብታዪ አትስቂም" አላት።
ኮት ልስጥህ ብትለው ብርድ አላውቅም አለ። እውነቱን ነው። አያውቀውም።

ጫካው እርጥብ፣ ጉሬዛው ከላይ ይዘላል። ቀርቀሃው ሲያልቅ ዛፍ የሚባል የለም። ሣር፣ የአስታ ቁጥቋጦ፣ እግር የሚውጥ ረግረግ። ጉም ወረደ፣ ቀጥሎ ካፊያ። ጫፉ ጠፋብን። ኦጁሉ ወሬ አቆመ። ዞር ስል ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጀሪካኑን ግን አልጣለም።
"ትንሽ አረፍ በል።"
"ከተቀመጥኩ አልነሳም፣ ጋሼ።"
ጋቢው ጀርባዬ ላይ ነው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። እያወቅኩ ወደ ፊት ተራመድኩ። የማርያም ነው፣ ለነፍሷ ነው እያልኩ። ለነፍሷ ነበር? ወይስ ለኔ? መጻፉ ያሳፍራል...
ተመልሼ ፈታሁት። እጥፋቱ ቢጫ መስመር አውጥቷል።
"የሚስትህ ነው፣ አይሆንም" አለ።
"ልበስ አልኩህ።" ተቆጣሁ መሰለኝ። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ጋቢው ጉልበቱ ላይ ቀረ። ጀሪካኑን ተቀበልኩት።

ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ፣ ቆርቆሮዋ የዛገ። ለቄሱ ባዶ እጄን አሳየኋቸው። "ጋቢ ላመጣ ነበር፣ አባ..." ወደ ኦጁሉ አዩ። አጥሩ ጥግ ኩርምት ብሏል።
"ለብሶት የለ እንዴ?" አሉ። "ይልቅ የክርስትና ስሟን ንገረኝ።"
"ወለተ ማርያም።"
ከቀብሯ በኋላ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።
ከጫፉ ጋምቤላ ይታያል ትለኝ ነበር ፋንቱ። ከጉም በቀር ያየሁት የለም።

ጥር 23
ኦጁሉ ጋቢውን አጥቦ አመጣ። አሸተትኩት። ሳሙና ነው የሚሸተው፣ እሷን አይደለም። ሆዴ ባባ፣ ግን እንደፈራሁት አልሆነም። መልሼ ሰጠሁት።
"በዚህ ሙቀት ጋቢ ምን ላርገው?"
"ተራራ ስትወጣ ትለብሰዋለህ።"
"ሁለተኛ? እኔ?" አለ። ግን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ሄደ። ሰፈሩ ሲስቅበት እዚህ ድረስ ሰማሁ።
የግድግዳውን ምስማሮች ነቀልኩ። ሸሚዞቼን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ግማሹም አልሞላ።
ይሁን።