በአረቄው አቤቱታ ላይ የስምሽ ተራ

ውድ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቂልኝ፦ በአረቄው ግብር ጊዜ ያሳሰረችሽ ጎረቤታችን የዝና አይደለችም። እኔ ወንድምሽ ነኝ።

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ጓዳው ያፈስ ስለነበር ቆርቆሮውን አስቀየርኩት። ጌሾሽ ለምልሟል። በእኛና በየዝና ጓሮ መካከል የነበረውን፣ አንቺ በእሾህ የዘጋሽውን መሽሎኪያ ግን ባለፈው ሳምንት ከፈትኩት። ሳላስፈቅድሽ ነው፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ አረቄ በሚወጣበት ቤት ሁሉ ላይ አዲስ ግብር ተጣለ ሲባል፣ የሞጣ ሴቶች ማውጣት አቆሙ የሚል ወሬ ገበያተኛ ይዞልን መጣ። የብቸና ሴቶችም ከእኛ ግቢ ተሰበሰባችሁ። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ለዚያም የበቃሁት አንቺ እየሸጥሽ ባስተማርሽኝ አረቄ ነው። እናንተም ማውጣት ልታቆሙ፣ እኔም አቤቱታውን እንድጽፍ ተስማማችሁ። የዝና «የከተማው ሴቶች በልና ተወው፤ ስም አታግባ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስም የሌለው አቤቱታ ማንም አያነበውም ብዬ ድርቅ አልኩ። ወረቀቱን በማስመሪያ ሳሰምር አንቺ «የኔታ፣ ግብሩ ሳይደርስብን ያንተ መስመር ይጨርሰናል» ብለሽ ሴቶቹን ሁሉ አሳቅሽብኝ።

ስማችሁን ተማሪዎቼን እንደምመዘግብ በፊደል ተራ አሰፈርኩ። «ሀብታም» የሚለው ስምሽ በ«ሀ» ይጀምራልና ከሁሉ በላይ ወጣ። ወረቀቱን የተቀበሉት ሹማምንት ግን የፊደል ተራ መች ታያቸው! ከላይ የተጻፈው ስም ለእነሱ የአድማው መሪ ስም ነው። በማግስቱ መጥተው ገንቦሽን ሰባበሩ፤ አንቺን ወሰዱሽ። ሁለት ወር ታሰርሽ። በዚያ ሁለት ወር በብቸና አንዲት ሴት እንኳ አረቄ አላወጣችም፤ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ስንቅ ይዤልሽ ስመጣ ዘበኛው «መሪዋማ ከላይ ተጽፋለች» ብሎ ነገረኝ። ያን ቀን ሁሉም ነገር ገባኝ። አንቺ ግን ስትፈቺ የዝናን ጠረጠርሽ፤ ለታሰረ ወንድሟ ምሳ ስታመላልስ እስር ቤቱ በር ላይ ታይታለችና። እኔ ዝም አልኩ። ተማሪ ሲዋሽብኝ የማላልፍ ሰው፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ እስክታርፊ ድረስ፣ በፊትሽ ዝም አልኩ። ልጇ ሲሞትባት እንኳ ለቅሶ አልደረስሽም። እኔ ሄድኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ እንኳ ትንፍሽ ሳልል ወጣሁ። ከእስራትሽ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አቤቱታው ስህተት ነበር፤ ዝምታዬ ግን ስህተት ብቻ አይባልም።

መሽሎኪያውን እንደከፈትኩ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «እኔማ አለማድረጌን መቼ አጣሁት? ይልቅ ለእሷ ንገራት» አለችኝ።

እነሆ ነገርኩሽ። ከእንግዲህ አንቺን ሳስብ ያደረግሽልኝን ብቻ አላነሣም፤ ያደረግኩብሽንም አብሬ አነሣለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አንዱንም አልረሳም። ለእኔ ይቅርታሽን ብትነፍጊኝ አልከራከርሽም። ለየዝና ግን በሕልሟም ቢሆን መልስ ላኪላት። ሰማንያን አልፋለችና እባክሽ፣ እታለም፣ አትዘግዪባት።

ወንድምሽ