የአባዬ ጭራቆች

ኅዳር 3
የሒሳብ ፈተና... ተገላገልኩ። ቤት ስገባ አክስቴ ገላነሽ ሳሎን ተቀምጠዋል። የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው ፊት አባዬ እንኳን እግሩን አያነባብርም። ጠረጴዛው ላይ አልጋዬ ስር የደበቅኩት ካርቶን። ውስጡ የጭራቅ ኮሚክ ብቻ... ከመቃብር የሚወጣ ሬሳ፣ ደም መጣጭ፣ ሁለት ራስ ያለው ምናምን።
"ይሄ የማነው?"
አባዬን አየሁት። አባዬ ጣሪያውን አየ። የሱ ነዋ! በተማሪነቱ ፈላና በር አጠገብ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የለቀማቸው። ክረምት ላይ በድብቅ አወረሰኝ። ግን አሁን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነው...
"የኔ ነው" አልኩ። ምን ነካኝ?

ኅዳር 4
የንስሐ አባታችን መጡ። አንዱን በጣታቸው ጫፍ ገለጥ... ገለጥ... አምስት ገጽ ሄዱ። "አርባ አርባ ስግደት፣ እስከ ሚካኤል" አሉኝ። ለመፍረድ አምስት ገጽ ያስፈልጋል?
አክስቴም የራሳቸውን ጨመሩ። ኅዳር 12 ሰፈሩ ጥራጊውን ሲያቃጥል ካርቶኑም አብሮ ይቃጠላል።

ኅዳር 5
ጉልበቴ።

ኅዳር 6
ቅዳሜና እሁድ ስግደት የለም። ተመስገን።

ኅዳር 9
ስልኬ ላይ አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥም ከሰባ ዓመት በፊት ወላጅና አስተማሪ የልጆቹን የጭራቅ ኮሚክ ከምሮ አቃጥሏል። አሳታሚዎቹ ፈርተው ሬሳ እንዳይነሳ፣ ደም እንዳይመጠጥ ተስማሙ። አክስቴ ሰባ ዓመት አርፍደዋል።
በኋላ አንዳንዶቹ መጠኑን አሳድገው "ኮሚክ አይደለም፣ መጽሔት ነው" ብለው አመለጡ። እኔም ለአክስቴ "መጽሔት ነው" አልኳቸው።
"መጽሔትም ይነዳል" አሉ።

ኅዳር 11
ደከመኝ። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ... አባዬ የጉልበት ቅባት ገዝቶልኝ መጣ።
"ነገ ትናገራለህ?" አልኩት።
"እስቲ እናያለን።"
ሳምንቱን ሙሉ እያየን አይደል እንዴ? ቅባቱ ይሸታል። ሳልቀባ ተኛሁ።

ኅዳር 12
ሰፈሩ ሁሉ ጭስ። አክስቴ ካርቶኑን ለአባዬ ሰጡት። "ጣለው።" አባዬ ታቅፎ ቆመ... ቆመ...
"የኔ ናቸው" አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማ። "ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ።"
ጎረቤታችን ጋሽ እንደሻው ወደ አባዬ ጠጋ አሉ። "ሽመልስ፣ ያዋስከኝ አንድ እኔ ጋ አለ። የባለ ሁለት ራሱ ክፍል ሁለት።"
አክስቴ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። "ታዲያ ልጅቷ ስትሰግድ አፍህ የት ነበር?" ብለው ብቻ ወደ ቤት ገቡ። አባዬ ካርቶኑን እንደታቀፈ ቀረ።

ኅዳር 15
ጾም ገባ። የንስሐ አባታችን ለአባዬም ያንኑ አርባ ሰጡት። ጠዋት ሲሰግድ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አስራ አንደኛው ላይ ወገቡን ይዞ ቀረ።
"ምን ፈርተህ ነው ዝም ያልከው?" አልኩት።
"ገላነሽን።"
ልስቅ ነበር... ላብ በላብ ሆኗል። ነጠላዬን አነጠፍኩለትና ቆጠርኩለት። አስራ ሁለት።