የኩሽናህ ድንጋይና የእኔ ክፍል

ለወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን የሚያምህ ተሻለህ ወይ? ሚስትህ ትሁትስ፣ ልጆቹስ? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔን ካልህ፣ አለሁ። ወገቤን ያመኛል፤ የሚያሸኝ ግን የለም።

ጎረቤትህ ያረጋል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ ሲመጣ ደብዳቤህንና የአዲሱን ቤትህን ንድፍ አደረሰኝ። ለኩሽናው መደብ የትኛው ድንጋይ ይሻላል ብለሃል። እኔን መጠየቅህ ደግ ነው፤ የአሠሪዬን የሐጃ ራሒማን ኩሽና ስወለውል ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ እብነ በረድ ነበራቸው፤ ሎሚ በነካው ቁጥር እየተበላ ጠባሳ አወጣ። አንሥተው ኳርትዝ የሚሉትን ከካርቱም አስመጡ። ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ድንጋይ ነው። ሎሚ አይበላው፣ ዘይት አይገባው። እሳት ግን አይችልም። እኔ እንደ ጉልቻችን መስሎኝ የፈላ ድስት ከከሰሉ አውርጄ አስቀመጥሁበት፤ ሳነሣው ቢጫ ክብ ቀረ። ሐጃ ራሒማ «አንቺ ሴትዮ፣ ድንጋይም ታቃጥያለሽ?» ብላ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየች አሳቀችብኝ።

ስለዚህ ኳርትዝ አድርግ፤ ለድስቱም የእንጨት ማስቀመጫ ይኑርህ። ነጩን ተው፣ ግራጫ ይሻላል። ከሻጩ ቁራጭ ለምነህ ሎሚና የወጥ ዘይት አፍስሰህ አሳድረው። የነጋዴ ምላስ አትመን።

አሁን የእኔን ልንገርህ። «እታለም፣ ነይና አብረሽን ኑሪ፤ ከኩሽናው አጠገብ ክፍል አለሽ» ብለህ ጽፈሃል። ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። ከዚያ ንድፉን ዘረጋሁት። እስከ ዛሬ በሰው እጅ ስለማስጽፍ አታውቅም እንጂ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጥሬአለሁ። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፤ ሳሎን፣ የልጆች መኝታ፣ የእንግዳ መኝታ። ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ጠባብ ላይ «የሠራተኛ ክፍል» ይላል።

አንዳርጋቸው፣ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁህ። በሰው አገር ገረድ ነኝ፤ አላፍርበትም። በወንድሜ ቤት ግን ገረድ አልሆንም። ንድፍ አውጪው ነው የጻፈው ትለኝ ይሆናል፤ አንተስ አይተህ ዝም አላልህም? እዚህ ብቻዬን እንዳልሞት እፈራለሁ። ብታመም በሬን የሚያንኳኳ የለም። ቢሆንም ያን ጽሑፍ አስፍቀህ «የሸጊቱ ክፍል» አስብለህ ንድፉን እስክትልክልኝ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ለትሁት ሰላምታዬን ንገራት፤ መደቡን ለቁመቷ ይለኩላት፣ እኔ እንደ ጎበጥሁ እንዳትጎብጥ። ሉሉን አገላብጠህ ሳምልኝ። ስሙን እስካሁን ያልነገርኸኝን ሕፃንም እንዲሁ።

ይህን በገዛ እጇ የጻፈች እኅትህ፣
ሸጊቱ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 4 ቀን 2008 ዓ.ም.