መርዶ ለሐመልማል

ይድረስ ለባለቤቴ ለውባንቺ፤ በሕይወት ሳለሽ «አንተ አፍህ እንጂ እጅህ አይጽፍም» እያልሽ ስታሳጪኝ ለኖርሽው። ይኸው ጻፍኩልሽ። አድራሻሽን ስለማውቀው ፖስታ ቤት አላስቸገርኩም፤ ከቤታችን በላይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነሽ።

ከተለያየን ወዲህ አርባሽም ሰማንያሽም ወጥቷል። እንደምን ከረምሽ ማለት ይገባኝ ነበር፤ መልሱን ስለፈራሁ የእኛን ልንገርሽ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል፤ ያው ቦታ ላይ፣ ያችው ባልዲ ውስጥ። እኔ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ የዓለምን ወንዞች በቃሌ የምደረድረው፣ ሽሮ ሳበስል ዳር ዳሩ ያርራል፣ መሐሉ ጥሬ ነው። ለሐመልማል በገዛንላት ትንሽ አልጋ ላይ የታጠበ ልብስ እከምራለሁ። ጎረቤት ስንፍና ነው ይላል። ባዶዋን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

የምጽፍልሽም ስለ ሐመልማል ነው።

መቼም አትረሺውም። ልጅ እንደማንወልድ ቁርጡን አውቀን ሕፃናት ማሳደጊያው የሄድን ሰሞን፣ እህቴ ብርቄ ከማክሰኝት መጥታ «ምን ያንከራትታችኋል? ሽማግሌ ሰብስባችሁ፣ አንዲት ሕፃን አምጥታችሁ፣ አውራ ጣታችሁን ማር ውስጥ ነክራችሁ አጥቧት፤ የጡት ልጃችሁ ሆነች ማለት ነው። የአባታችን አጎት እንዲህ አይደል ያደጉት?» አለችን። አንቺ «ያደጉትስ አድገዋል፤ መሬት ሲካፈሉ ግን ማሩ ተረስቶ ባዶ እጃቸውን ወጡ አይደል?» ስትያት ብርቄ ወሬውን ወደ ማክሰኝት ገበያ አዞረችው። ለዚያ ነው በጉዲፈቻ ሕግ የሄድነው። ፍርድ ቤት ያጸደቃት ልጅ ከአብራክ እንደወጣች ትቆጠራለች፤ ነገ የኔ ወንድሞች ተነስተው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ሊሏት አይችሉም።

የሕጉ መንገድ ዳገት ነበር። ጤነኞች መሆናችንን ሐኪም፣ ወንጀለኞች አለመሆናችንን ፖሊስ መሰከረልን። መጋባታችንም በወረቀት ተረጋገጠ፤ አንቺ እኔን ይህን ሁሉ ዘመን ታግሰሽ መኖርሽ ግን እንደ ማስረጃ አልተያዘልሽም። ቤታችንን አዩ፣ ጓዳችንን ገልጠው አዩ። ከዚያ ከሐመልማል ጋር አገናኙን፤ እንድትለምደን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን መጠየቅ ጀመርን። የቀረን ውሉን መፈረምና ፍርድ ቤት ቀርቦ ማጸደቅ ነበር። እዚያ ላይ ሄድሽ። ጀምሮ መተው የኔ ጠባይ ነበር እኮ፤ ምነው ወሰድሽብኝ?

ቀብርሽ ላይ አልቃሿ «ልጅ ሳትተካ፣ ስም ሳታስቀር» እያለች ሰዉን አስለቀሰችው። እኔ ለሁሉ መልስ ያለኝ ሰውዬ አፌን ዘጋሁ። አላት እንዳልል ወረቀቱ አልተፈረመም፤ የላትም እንዳልል ቅዳሜ በር ላይ የምትጠብቀን ልጅ አለች።

በየአገሩ ላለ ዘመድሽ ሁሉ በወጉ መርዶ ተነገረ። ለሐመልማል የነገራት የለም። ብቻዬን የሄድኩ ዕለት ሮጣ መጥታ እግሬን አቀፈችና ከኋላዬ አየች። በሩን አየች። «ውባዬስ?» አለች። «ዛሬ አልመጣችም» አልኳት። ውሸት አይደለም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ውሸት አልነበረም።

የዕድራችንን ዳኛ አያ ታከለን ለመንኩት። የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚያረዳው እሱ አይደል? እሱ ግን «መርዶ ለዘመድ ነው የሚነገር። የፍርድ ቤት ዳኛ ዘመድ ያላላትን እኔ ማን ነኝና ዘመድ ናት እላለሁ? ደሞስ የአራት ዓመት ልጅ ምን ብየ ነው የማረዳ?» አለኝ። የማሳደጊያው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ያቺ ቀጭኗ ልጅ፣ «ጉዳዩ እስኪወሰን ይቆይ» አለችኝ። እንግዲህ አስቢው። መርዶ እንድትረዳ ዘመድ መሆን አለባት፤ ዘመድ እንድትሆን ማመልከቻችን መጽደቅ አለበት፤ ማመልከቻው የባልና የሚስት ነው፤ ሚስት የለችም። ምድር ክብ ናት እያልኩ ሳስተምር እንዲህ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ብቻዬን ላሳድጋት ብዬ እንደገና አመለከትኩ። ብቻውን ያለን ሰው ሕጉ አይከለክለውም፤ የሚመዘነው ግን የልጅቷ ጥቅም ነው አሉኝ። ባለሙያዋ ቤቱን ዳግመኛ ልታይ መጣች። አያ ታከለ ምስክር ሆኖ ተቀመጠና ያልተጠየቀውን ሁሉ መሰከረ፦ «ወጥ ይሠራል፤ ልብስ ያጥባል፤ ኧረ ሹሩባ ሳይቀር ይሠራል!» ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞራ «እስኪ ያሳዩኝ» አለች። ለካ አያ ታከለ በመስኮት ሲያየኝ ኖሯል፤ በነጠላሽ ዘርፍ ላይ ሹሩባ እለማመድ ነበር። አመጣሁላት። ዳር እስከ ዳር ተጎንጉኗል። አገላብጣ አየችውና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ያለፍኩ መሰለኝ።

አላለፍኩም። ከፀዳ ከተማ ባልና ሚስት መጡ። ወጣቶች ናቸው፤ እሷ አዋላጅ ነርስ፣ እሱ መሐንዲስ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ሐመልማል ለእነሱ እንድትሰጥ ታሰበ። ስድቤን አሰናድቼ ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር፤ በር ላይ ስደርስ እኔም ዳኛ ብሆን ለእነሱ እንደምፈርድ አወቅሁት። ስድቡን ይዤ ተመለስኩ። አሁንም ቤት ውስጥ አለ፤ የማወርድበት ሰው አጣሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አልነበረም። ይቺ ልጅ በጨቅላነቷ ተጥላ የተገኘች ናት። አሁን ደግሞ ውባዬም ተወችኝ ብላ ልታድግ ነው። ለአያ ታከለ ሄጄ ይህንኑ ብቻ ነገርኩት፤ ተረትም ጥቅስም አልጨመርኩበት። በዱላው መሬቱን ጫረና «ነገ ጧት» አለኝ። ለባለሙያዋ ደወልኩ። እሷም «እውነቱን ይዛ ብትሄድ ይሻላታል፤ እኔም እገኛለሁ» አለች።

ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አያ ታከለ ከፊት፣ እኔ ነጠላሽን በፌስታል ይዤ ከኋላ፣ ማሳደጊያው በር ላይ ቆምን። ዘበኛው «በዚህ በማለዳ ምን ጉዳይ ነው?» አለ። «መርዶ ነው» አለ አያ ታከለ። «ለማን?» «ለሐመልማል።» ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ።

ባለሙያዋ እጇን ይዛ አመጣቻት። ዳቦ ይዛለች፤ ጸጉሯ ገና አልተበጠረም። እግሬን አቅፋ እንደ ልማዷ ከኋላዬ አየች። አያ ታከለ ጎንበስ አለ። ያ መርዶ ሲናገር «የእግዜር ፈቃድ ነውና» ብሎ የሚጀምረው ሰውዬ መጀመሪያው ጠፋው። ጋቢውን አስተካከለ፣ መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ እናትሽ ሞታለች» አላት።

እናትሽ ነው ያላት፣ ውባንቺ። ያን ሁሉ ደጅ ጠንተን ያላገኘነውን ቃል፣ ሦስት ሽማግሌ በቆሙበት።

ሐመልማል አላለቀሰችም። እኔን ቀና ብላ አይታ «አሟት ነው?» አለች። አሟት ነው አልኳት። «መምጣት ፈልጋ ነበር?» ፈልጋ ነበር አልኳት። ዳቦዋን ገመጠች። ነጠላሽን አውጥቼ ስሰጣት ዘርፉን ስትዳብስ ቆየችና «ጠማማ ነው» አለች። አያ ታከለ ከእጇ ተቀብሎ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ አለበሳት፤ ግማሹ መሬት ይጎትት ነበር። ሽማግሌዎቹ ያኔ አለቀሱ። እኔ እንኳ የማልቀሻ ተራ አላገኘሁም።

ፍርድ ቤቱ የፀዳዎቹን ውል አጽድቆታል። የምትሄድ ዕለት ልሰናበታት ሄድኩ። ሮጣ መጣች፤ እግሬን አቀፈች፤ ከኋላዬ ግን አላየችም። አዲሷ እናቷ ነጠላሽን አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ። ሸጋ ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ፀዳ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ አለው። ታክሲ በሄደበት ሁሉ ግን ሰው አይሄድም። ኑ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ እስካሁን አላሉኝም፤ እንዲሉኝ የሚያስገድድ አንቀጽም የለም። አልጋዋ ላይ ልብስ መከመሩን ትቻለሁ። አልጋዋን ምን እንደማደርጋት አላወቅሁም።

ሙት ዓመትሽ እየቀረበ ነው። ያቺ አልቃሽ፣ ዝክር በሸተታት ቦታ የማትቀር ናትና፣ ትመጣለች። አፏን ከፍታ «ልጅ ሳትተካ» ካለች በዚያን ቀን ዝም አልልም። ነበራት፣ ፀዳ ናት፣ መርዶዋንም በወጉ ተረድታለች እላለሁ። ምስክሬም አያ ታከለ ነው። ይህን ሳልል የማሳልፈው ዓመት አይኖርም፤ ከዚህ ሌላ ላደርግልሽ የምችለው ነገር የለኝም።

ባለቤትሽ