አብሽሩ በዳባት

ሊድዬ፣ ሰው አገር ስትሄጂ እንደ አገሬው ለማውራት ትሞክሪያለሽ ወይስ በራስሽ አፍ ትቀጥያለሽ? እኔ ሞክሬ ነበር። ከዳባት ወጣ ባለች መንደር በግ ልከትብ መጥቼ፣ በመጀመሪያው ቀን እንደ ጎንደሬ ቃሉን ጎተት እያደረግኩ ሰላምታ ሰጠሁ። ገበሬዎቹ በአክብሮት አዳመጡኝ፤ አንድም በግ ግን አላመጡልኝም።

በማግስቱ እትዬ ፋንታዬ የምታስል በጋቸውን እየሳቡ መጡና «ልትሞትብኝ ነው?» አሉኝ። አሳዘኑኝና ሳላስበው በራሴ አፍ «አብሽሩ እትዬ፣ ትድናለች» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ የማን አገር ልጅ ነሽ?»

«የደሴ።»

«ታዲያ ትናንት ምን አስደበቀሽ? አገሯን ለምትደብቅ ልጅ በግ ታምኖ ይሰጣል?» ወዲያው ወደ ጎረቤት ተጣሩ። «ኑ እንጂ፣ ወሎዬ ናት፤ አገር አላት!»

እስከ ምሳ ስድሳ በግ ከተብኩ።

ብርዱ የደሴን ያስንቃል፤ ሰዉ ግን ከለመደሽ እንደኛው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አምቢኮ መንደር እንወጣለን፣ ከታቢም ያንሰናል። የእንስሳት ሕክምና ዲግሪሽን ታቅፈሽ ከምትቀመጪ ለምን አትመጪም? እማማ ኤልሳቤጥን ሳሚልኝ፣ ሰፈሩን በሙሉ ሰላም በይልኝ፤ ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ፤ አነጋገርሽን ግን እዚያው ትተሽ እንዳትመጪ።

ሰዓዳ